ምስጥ እምቢ ያለው ሳንቃ

የቡና መፈልፈያ ማሽን ወደ ቴፒ የጫነው መኪና ስፖንዳው ተሰብሮ ሚዛን ተፈሪ በራችን ላይ ባይቆም ኖሮ፣ እኔም ይህን ቂም ይዤ ባላረጀሁ ነበር። ያኔ አስር ዓመቴ ነው። አባቴ አናጢ ነበርና ስፖንዳውን ጠገነለት። ሾፌሩም ውለታውን አልረሳም፤ ከቴፒ ሲመለስ ማሽኖቹ ተቀምጠውባቸው የመጡትን ርብራብ እንጨቶች ግቢያችን አራገፈልን። አሁን ፓሌት ይሏቸዋል። እኛ ስም ስላጣንላቸው “የማሽን አልጋ” አልናቸው።

አባቴ ሚስማሩን እየነቀለ ሳንቃዎቹን ሲለያይ እኔ ከኋላ ከኋላው አሸታለሁ። የአገራችንን እንጨት ዓይኔን ጨፍኜ እለይ ነበር፤ ዋንዛውን፣ ቀረሮውን፣ ዝግባውን በሰጋቱራው ሽታ አውቃለሁ። እነዚህ ግን ከየት እንደመጡ የማይታወቁ እንግዶች ነበሩ። አንዱ ነጭ ሆኖ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ አንዱ ቀይና ከባድ ነው፣ ሦስተኛው አመዳም፣ አስቀያሚ።

የቤታችንን መቃን ምስጥ በልቶት በሩ በእጃችን ቀርቶ ስለነበር አባቴ ለአዲሱ መቃን ደህና እንጨት ይፈልጋል። “ከእነዚህ ምስጥ የማይደፍረውን የለየ መላጊያዬን ይይዛል” አለን፣ ለእኔና ለአጎቴ ልጅ ለታደሰ። መላጊያውን መያዝ ሙያውን መማር ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ በዓለም ላይ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ከአባቴ ጋር የሚሠራው አጎቴ ጋሼ ዘውዴ ቀዩን በጥፍሩ ጫር አደረገና “ይሄማ የባሕር ማዶ ዋንዛ ነው! ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? አመዳሙን ለማገዶ ስጡት” አለ። ታደሰም “ዋንዛ ነው” አለ። አባቱ ያለውን መድገም ልማዱ ነበር።

እኔ ሦስቱንም አኘክኋቸው። ቀዩ ምንም አይልም። አመዳሙ ግን እንደ ኮሶ መረረኝ፤ ምላሴ ደነዘዘ፤ ይህን ምስጥም አይደፍረው አልኩ። ከየዓይነቱ ስባሪ ወስጄ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አስሬ፣ ከጓሯችን ቡና ሥር ባለው የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ቀበርኳቸው። የሸኮ ሰው የሆኑት አዛውንት ጎረቤታችን የጎጆ ምሰሶ ሲመርጡ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። “ሁለት እሑድ ሳያልፍ እንዳትነኪው፤ ምስጥ አይቸኩልም” አሉኝ።

ምስጥ ባይቸኩልም እኔ ቸኮልኩ። ትምህርት ቤት ተቀምጬ ሐሳቤ ኩይሳው ላይ ነው። በሁለተኛው እሑድ ዝናቡ እንኳ ሳያባራ ቆፈርኩ። ነጩ እጄ ላይ ፈረሰ። ቀዩ ሳነሳው ቀለለኝ፤ ላዩ ደህና፣ ውስጡ ባዶ! አመዳሙ ግን ጭቃው ሲጠረግለት መጋዝ የነካው ጠርዙ እንኳ እንዳለ ነበር። በጭቃ ተለውሼ እየጮህኩ ሮጥኩ። “አባዬ! አመዳሙ ነው! ምስጥ እምቢ ያለው አመዳሙ ነው!”

አባቴ አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ትንሽ አኝኮ ፊቱን አጨማደደና ሳቀ። “እንጨት በመልኩ የመረጠ ቤቱን ለምስጥ ዳረ” አለ ወደ አጎቴ እያየ። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

“ሴት ልጅ መላጊያ ይዛ? ነገ ማን ሊያገባት ነው፣ ወንድሜ?” አለ ጋሼ ዘውዴ።

አባቴ ዓይኑን ከተዘረጋው እጄ ላይ አነሳ። ከዚያ መላጊያውን ለታደሰ ሰጠው። “እሱ ይላግ፤ አንቺ ትነግሪዋለሽ” አለኝ። አጎቴ በየጠጅ ቤቱ “ልጄ የፈረንጅ እንጨት በምላሱ ይለያል” እያለ ሲያወራ አባቴ አንድም ቀን አላረመውም። ሁለቱም አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን አልረሳሁም።

ታደሰ በዚያ መላጊያ ቤት ሠራ፣ ስም አወጣ። የእኔን ኑሮ እዚህ አላወራም። የእንጨት ዓይነት መለየት ባቃተው ቁጥር ግን “እስቲ አንቺ” እያለ ይመጣል፤ እኔም ስነግረው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ሰሞን በባጃጅ መጣ። ዛሬ ከተማው የፓሌት ሶፋ ይወዳል። “ደንበኛዬ ዝናብ የሚችል ይፈልጋል። ይሄ ምንድነው፣ እህቴ?” ብሎ ስባሪ አቀበለኝ። አሸተትኩት። ቲክ ነው! ዝናብ የማይበግረው ቲክ። ልቤ እንደዚያች የአስር ዓመት ልጅ ዘለለ።

“አላውቀውም” አልኩት።

“አንቺ?” ብሎ ደነገጠ።

“እርጅና ነዋ።”

ያኔ ያወቅሁትን ይዤ ሰፈሩን በጩኸት አናውጬው ነበር። አሁን ባጃጁ እስኪርቅ ጠበቅሁ፤ በሩን ዘጋሁና “ቲክ!” አልኩ ጮክ ብዬ። አባዬ ቢሰማ እንዴት በሳቀ ነበር።