የሕይወቴ ተልዕኮ በአንድ ዓረፍተ ነገር

አንድ ጊዜ ልኖረው ያላሰብኩትን ነገር በጌታ ስም ጽፌ፣ ቆሜም አንብቤዋለሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ለሴቶች ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሠልጣኙ «እያንዳንዳችሁ የሕይወታችሁን ተልዕኮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ሕፃን እንኳ እንዲገባው ግልጽ ይሁን» አለን። እኔም «ማረፊያ ያጣን ሁሉ በቤቴ ለመቀበል ተጠርቻለሁ» ብዬ አነበብኩ። ሞቅ ያለ «አሜን!» ተባለልኝ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዛ «ቤቶች!» እያለች ገባች። አቅፋ ስትስመኝ የባሌ ዘመድ መሰለችኝ። ቤት የገባን እንግዳ «ማን ነሽ?» ማለት ነውር ነውና ምሳ አቀረብኩ።

«ሰዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው?» አልኳት።

«ክብር ለእግዚአብሔር!»

«አባባስ?»

«አባባማ ካረፉ ቆዩ እኮ!»

አፈርኩ። ባሌ መጣና እሱም አገላብጦ ሳማት። ከዚያ ጓዳ ጠርቶኝ «ዘመድሽ ናት?» አለኝ።

«የኔ? ያንተ አይደለችም እንዴ!»

ግራ ቢገባኝ ተመልሼ ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት።

«ሥልጠናው ላይ ከኋላሽ ተቀምጬ ነበር እኮ፣ እህቴ። አከራዬ ቤቱን ለልጇ ፈለገችው። መሄጃ ሳጣ ያነበብሽው ትዝ አለኝ።»

«እሱ እኮ... ለሥልጠናው ያህል የጻፍኩት ነው» አልኳት።

ብርድ ልብሷን አነሣች። «ለእኔ ግን በጣም ግልጽ ነበር» አለችና ወጣች። ወደ ፌርማታው ስትወርድ በበሩ አየኋት፤ አልጠራኋትም።

እባካችሁ ይቅር በሉኝ።