እናቴ መገነዣዋን ለብሳ ወጣች

ዛሬ ጠዋት እናቴ መገነዣዋን ለብሳ ከጓዳ ወጣች።

ከቤሩት ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ያመጣሁላት ነጭ ጨርቅ ነው። «ስትሞቺ በወግ እንድትገነዢበት» ብዬ ሳጥኗ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ያኔ ገና ስልሳ ዓመቷ ነበር። መረቀችኝ።

ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት የሰፈራችን አሮጊቶች በማኅበራቸው ተመካክረው፣ ሁሉም መገነዣቸውን ቀሚስ አሰፍተውታል። የእናቴማ ኪስም አለው!

«እማዬ፣ ይሄ እኮ መገነዣሽ ነው!» አልኳት ደንግጬ።

«አውቃለሁ ልጄ። ሳጥኑን ባየሁ ቁጥር ሞቴን የምትጠብቂ ይመስለኝ ነበር።»

ደጅ ስድስት ነጭ የለበሱ እናቶች ቆመው ይጠብቋታል። እየተሳሳቁ ወደ ገበያ ወረዱ።

እኔ ግን ባዶው ሳጥን አጠገብ እንደተቀመጥኩ ነኝ።

እናንተስ፣ ሳታውቁት እናታችሁን በቁሟ የቀበራችሁበት ቀን አለ?