ለእሷ የቀደድኩት አቡጀዲ

የያዙኝ በአንድ ጣቃ አቡጀዲ ምክንያት ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ፍተሻ በበዛበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፖሊሶች እህቴ ቤት ገቡ። እኔም የምኖረው እዚያው፣ ከእሷና ከባሏ ጋር ነበር። ከጎታው ጀርባ ያልተቆረጠ ነጭ ጨርቅ አገኙ። መርማሪው የሩቅ አገር ሰው ነው። ጣቃውን በእጁ እየመዘነ እህቴን ጠየቃት።

«ይሄ ሁሉ ምን ሊሠራ ነው?»

«የቅሬ ነው። ለመግነዣ፣ ለከፈን።»

ቅሬ ማለት በእኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። መርማሪው ግን አልተዋጠለትም።

«ስንት ሰው ይሞታል ብላችሁ ነው?»

«እሱን እኛ አናውቅም። ጨርቁ ግን ቀድሞ ይቀመጣል» አለችው።

ለሰልፍ ባነር የተዘጋጀ ጨርቅ ነው ብሎ ደመደመ። እሷን ሊወስዱ ሲሉ፣ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ደም ግፊት ነበረባት። ሌላ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። «ዝም በል አንተ» ብላ ተቆጣችኝ። ይዘውኝ ወጡ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል ነው። የገለባና የሽንት ሽታ አለው። ስንተኛ ከመጠጋጋታችን የተነሳ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። አጠገቤ የሚተኛው ከወግዲ የመጣ ገበሬ ነበር።

«ጠመንጃ አምጣ ብለው ነው የያዙኝ» አለኝ። «ያለኝ አንድ በሬ ነው። እሱ ደግሞ አይተኩስም።»

በሩ ሥር የሚተኙት የወረኢሉ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ስለሆኑ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን።

እህቴ በየቀኑ ስንቅ ታመጣለች። እንድንገናኝ አይፈቅዱልንም፤ በር ላይ ሰጥታ ትመለሳለች። የምታመጣው ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ለክፍሉ ሰው ሁሉ ይበቃ ነበር። ገበሬው እየበላ «እህትህ እንዲህ ካበላችን መቼ እንደምፈታም አልጠይቅም» ይላል።

አንድ ማለዳ አባባ ቀሰቀሱኝ። ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ዞር ስል ሁሉም ሰው ተነስቶ ተቀምጧል። ገበሬው በጆግ ውኃ አፈሰሰልኝና ፊቴን ታጠብኩ። አባባ ትናንት እህቴ ካመጣችው ዳቦ የተረፈውን ቆርሰው ሰጡኝ።

«ብላ ልጄ።»

«ኧረ አልራበኝም አባባ። ገና አልነጋም እኮ።»

«ብላ ብዬሃለሁ።»

ሁለተኛውን ስጎርስ ገባኝ። በአገራችን መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ ባለሐዘኑ ፊቱን ታጥቦ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። እኔም ከእህቴ ጋር ሰው ቤት ሄጄ አርድቼ አውቃለሁ። ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ።

«ማን ነው?» አልኩ።

«እህትህ ናት። ትናንት ማምሻውን ወደቀች፤ ሆስፒታልም ሳትደርስ አለፈች። አሁን ዘበኛው ነገረኝ።» ቀጥለውም «ነፍስ ይማር» አሉ። ሙስሊም ናቸው፤ የተናገሩት ግን በእኛ ወግ ነው። ገበሬው ደግሞ ክርስቲያን ነው። እሱ ክንዴን ጨብጦ «አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር» ይለኝ ነበር።

ረፈድ ሲል መርማሪው አስጠራኝ። ጣቃው ከኋላው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«አዝናለሁ» አለኝ። ያዘነም ይመስላል። «ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው አሉ። ጨርቁ ለባነር እንደነበረና ማን እንዳዘዛችሁ ንገረኝ። ሁለት ፖሊስ አስከትዬ እልክሃለሁ። ያዘዙት የቅሬው ዳኛ ናቸው አይደል?»

ዳኛው፣ የማኅበሩ መሪ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እናታችን ስትሞት እህቴ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ አሳደገችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያስጨረሰችኝ ልብስ እየሰፋች ነው። አፈር ሳላለብሳት ልቅር ወይ? ግን ደግሞ ዳኛውን ከመቃብሩ አፋፍ ላይ ይዘዋቸው ሲሄዱ ታየኝ። እሷ ቃሬዛ ላይ ሆና።

«የቅሬ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው መቅረትህ ነው።»

«ልቅር። ከጨርቁ ግን ለእሷ የሚበቃት ይሰጠኝ።»

«ኤግዚቢት ነው እኮ። ሱቁ ሁሉ አቡጀዲ ሞልቶት የለም እንዴ?»

«ሞልቶታል። ቅሬ ግን ለአባሉ ከራሱ ጣቃ ነው የሚያወጣው። ለሁሉም ከዚህ ስትቀድ የኖረችው እሷ ናት።»

መርማሪው ተነሳ። ጣቃውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መቀስ ሊያወጣ መሳቢያውን ከፈተ።

«መቀስ አያስፈልገውም» አልኩት።

እህቴ ልብስ ሰፊ ሆና የሟች ጨርቅ በመቀስ ቆርጣ አታውቅም። መቀስ ይጣመማል፣ ጨርቅ ግን በክሩ መንገድ ይሄዳል ትል ነበር። ጠርዙን በጥርሷ ነክሳ ታስጀምርና በሁለት እጇ ትስበዋለች። እኔ አይቻለሁ እንጂ ሠርቼው አላውቅም። ቁመታችን እኩል ስለነበር ጨርቁን ከአናቴ እስከ እግሬ ለካሁት። ለእጥፋቱም ጨመርኩ። ከዚያ ነከስኩት። አዲስ ጨርቅ የሙጫ ጣዕም አለው። ስስበው ድምፁ ኮሪደሩን ሞላውና ፖሊሶች በበሩ ብቅ ብለው አዩ። እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ሄደ። እሷ እንደምታጥፈው አጥፌ አስረከብኩ።

«ባሏ በር ላይ ይኖራል» አልኩ።

አንድ ፖሊስ በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ወጣ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ የገበሬው ጋቢ መሬት ላይ ተነጥፏል። ሰዎቹ ለቅሶ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አባባ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«እንግዲህ ስለ እሷ አውራን» አሉኝ። «በዝምታ አትሸኝም።»

እየቆየሁ ነው የተናገርኩት። ሱቅ በረንዳ ላይ ስለነበረችው የስፌት መኪናዋ፣ አባት ለሌላቸው ተማሪዎች በነፃ ስለምትሰፋው ዩኒፎርም፣ ሁለቱን ሴት ልጆቿን መኪናው ሥር አስቀምጣ ስለማስጠናቷ። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ወንዶቹን ከካርታ ጨዋታ አስነስታ ቃሬዛ ታሸክማቸው እንደነበርም ነገርኳቸው። ከዚያ የመናኸሪያው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ማንም የማያውቀው መንገደኛ ነበር፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ሞተ። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም የሚያውቅ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ፀሐይ አዘቀዘቀች። እህቴ ጣቃውን ተሸክማ መጣችና መሃላቸው ቆማ ቀደደች። «እናንተ ተከራከሩ፤ እሱ ግን ራቁቱን አይጠብቃችሁ» አለቻቸው።

አባባ በለቅሶው መሃል ሳቁ። «ወላሂ፣ ወረኢሉ ብትሆን ኖሮ እኛ እንሾማት ነበር።»

«ታዲያ ማን ቀበረው?» አለ ገበሬው።

«ሙስሊሞቹ ወሰዱት። ክርስቲያኖቹ ቆፈሩለት።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሁላችንም ቆምን።

እኔን የፈቱኝ ያለ ምንም ክስ ነው። ስለ ቀብሩ የሰማሁት ከዚያ ወዲህ፣ በየሰዉ አፍ ነው። ቅሬ ከቀብር በኋላ ሜዳው ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረው እንዲታወቅ ነው። ከቤታችን ለጥሪ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ዳኛው በለመደ አፋቸው ስሜን ጠርተው ወዲያው ደነገጡ አሉ። ከሰዉ መሃል አንዱ «አለ» ብሎ መለሰ። ዳኛውም ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። አንዱ እገሌ ነው ሲለኝ ሌላው አይደለም ይለኛል። እኔም አጥብቄ አልጠየቅሁም። አሁን እሷ ትሰፋበት በነበረው በረንዳ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። መንገደኛው ብዙ ነው፤ ሥራውም ዓይን የሚፈልግ ሥራ ነው። ቢሆንም የከተማችን ሰው ሲያልፍ ሥራዬን ትቼ፣ ተነስቼ ነው ሰላም የምለው። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቀኝም ቢሆን። ያኔ ስለ እኔ የመለሰው ከእነሱ አንዱ ነው።