ሞርኒንግ ላይ የተናገርኩት

ኢንተርን ሐኪም ሆኜ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ በሕፃናት ክፍል ሦስት ቀን የተከታተልኩት የሰባት ወር ልጅ በሳምባ ምች ሞተ። እናቱ እጄን ይዛ "ለኔ ብለሽ ደከምሽ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ ስሄድ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር የምገባው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ልጁ በሞተ በዘጠነኛው ቀን፣ ሞርኒንግ በምንለው የጠዋት ስብሰባ፣ የታካሚ ታሪክ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሁላችንም የምንፈራቸው ሲኒየር ሐኪም ናቸው። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩና ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩ።

"ቀጥዪ እንጂ" አሉኝ።

"ዶክተር፣ አልቻልኩም። ያ ልጅ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ክፍሉ ውስጥ መግባት ፈርቻለሁ።"

በቃ አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ የመጀመሪያ ታካሚዬን ሳጣ ለሰው የተናገርኩት ከዓመት በኋላ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "እንደሷ የሆነ ሌላ አለ?"

ቀድሞ እጁን ያነሳው ሲያስቀን የሚውለው ቀልደኛ ጓደኛችን ነበር። ከሱ በኋላ አራት እጅ ተነሳ።

ሁለት ቀን እረፍት ሰጡኝና ከከተማው ዳር ካራ፣ አባቴ ጋ ሄድኩ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ መሬቱ ተወስዶ ቤት ከተሠራበት ወዲህ ጥበቃ ሆኖ ነው የሚሠራው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

"እርሻዬ የሄደ ጊዜ" አለኝ፣ ሲከፋው እንደሚያደርገው በኦሮምኛ፣ "ስንት ወር ከእናትሽ ጋር እንኳ አላወራሁም። አንቺ ያን ሁሉ ሐኪም ፊት ተናገርሽ? ጎበዝ!"

በማግስቱ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወሰደኝ። ዳገቱን ከኔ ቀድሞ እየወጣ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ላገኘው ሰው ሁሉ "ልጄ ናት፣ ሐኪም ናት" ይላል። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሥራ ስመለስ ሲኒየሩ የክፍሉ በር ላይ ጠበቁኝ። "ዛሬ አብረን ነው የምንገባው" አሉኝ፤ ገባን። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሞርኒንግ በኋላ በር ዘግተን የከበደንን መነጋገር ጀመርን። አንድ ቀን ቀልደኛው አለቀሰ፣ እኛም አብረነው። ከመካከላችን ሥልጠናውን ያቋረጠ አንድም የለም።

አሁን መሪ የሚባለው ሰፈር ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ሲኒየሩ ደወሉልኝ። "አዲሶቹ ኢንተርኖች የሐሙሷን ሰዓት ማን ጀመራት እያሉ ይጠይቁኛል። መጥተሽ ራስሽ ንገሪያቸው።"

እመጣለሁ አልኳቸው። በተመረቅኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።