ያልገባበት ሰንበሌጥ

ፉአድ፣ የጌሙን ጠመንጃ ገዛኸው አሉ። ጅዳ ያለችው አክስትህ በካርዷ ከፈለችልህ፣ አንተም በአንድ ከሰዓት አምስት አንበሳ ዘረርህ አሉ። እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ብል ግን አፌ እንቢ አለኝ። ቅር አይበልህ፣ ደክሞኝ ነው።

ስልኩን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና ቁጭ በል። እናንተም ቁጭ በሉ። መብራት እንደሆነ ሄዷል፤ እስኪመጣ ድረስ ፒያሳን ከመዞር በቀር የምትሠሩት የላችሁም። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልነገርሁት የአደን ነገር አለኝ፣ እሱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን የሆዴን ላውጣ።

ይኸን ጌም ቤት ስከፍት የነበረችኝ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው አሮጌ ማሽን ናት። የአደኗን ሲዲ ታስታውሳላችሁ? አንዴ ተገዛች፣ አበቃ፤ ያላት ሁሉ ውስጧ ነበረ። የእኔ ጣት ምላጭ እንጂ የጌም ቁልፍ መች ያውቃል! ውስጧ ያለችው ድብ ክረምቱን ሙሉ ስትገድለኝ ከረመች። ቡሄ አለፈ፣ እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ አሁንም ትገድለኛለች። እናንተ ከኋላዬ ቆማችሁ «አያ መርሻ፣ ንፋሱን እኮ አላየኸውም!» እያላችሁ ትስቁብኝ ነበር። ለመስቀል ዋዜማ ስጥላት ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ምንም አልቀረው። እኔም አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። አምባሻ ገዝቼ ያበላኋችሁ ያን ቀን አይደል?

አሁን በስልክ የምታመጡትንም ሞክሬዋለሁ፣ ሳልሞክር አላማሁትም። «በነፃ ነው፣ ግባ» ይልሃል። ሁለት አንበሳ በሁለት ጥይት ይወድቅልሃል፣ ደስ ይልሃል። ከዚያ ጎሽ ይመጣል። ግንባሩን ብትለው፣ ልቡን ብትለው፣ ሰባት ጥይት ጠጥቶ ሣሩን ይግጣል! እንዲህ ያለ ጎሽ የት አገር ነው ያለው? ለካ በነፃ የሰጡህ ጠመንጃ ከመጀመሪያውም እንዳይገድል ሆኖ የተሠራ ነው። የሚገድለው ይሸጣል። ዱካውን በቀስት የሚያሳይህ ይሸጣል። ከሞትህ በኋላ መነሣቱም ይሸጣል። «ጉልበትህ አልቋል፤ አራት ሰዓት ጠብቅ ወይም ክፈል» ይልሃል። ኧረ በሕግ አምላክ! ከባድ ቢሆን ምን ገዶኝ፣ ከባድማ ድቧ ነበረች። ይኸ በር ቆልፎ ቁልፍ መቸርቸር ነው። ገዝተህ ስትገባ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጎሹ ራሱ ሮጦ መጥቶ እግርህ ሥር ይወድቃል።

እንዲህ የሚያናድደኝ ንግዱን ስለማውቀው ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሸጬዋለሁ።

ጊዜው ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ያኔ ከትክል ድንጋይ በታች፣ ወደ ሳንጃ መውረጃው ላይ አራሽ ነበርሁ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። ሰንበሌጡ ደርቆ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ጧት ጧት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ከቆላው የሚነሣው ንፋስ ፊት ይለበልባል። በዚያ ሰሞን አንድ ነብር የመንደሩን ፍየል ፈጀ፣ ጥጃም ወሰደ። አገሬው «አያ ደርቤ ይጠራ» አለ።

አያ ደርቤ የእናቴ ወንድም ነው፣ አደን ያስተማረኝም እሱ ነው። ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። ምንሽር ጠመንጃው ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ ነው። አመድ በጨርቅ ቋጥሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ከዚያ ቆንጥሮ እፍ ይልና ንፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ዱካ ሲያገኝ አይነግርህም። በዱላው ጫፍ ይጠቁምና አንተ ራስህ እስክታውቀው ይጠብቅሃል። የጅብ ጥፍር መሬት ላይ እንደሚታይ፣ ነብር ግን ጥፍሩን ሰብስቦ እንደሚሄድ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንዴ ቢነግረኝ ምን ነበረበት እያልሁ በሆዴ እረግመው ነበር።

ሦስተኛው ሰው ከጎንደር የመጣ እህል ነጋዴ ነው። ዘውዱ እንበለው። ጥር ላይ ልጁን ሊድር ነው፤ በሰርጉ ነብር ገዳይ ተብሎ መፎከር አማረው። አዲስ ክላሽ ይዞ በማኪናው መንገዱ እስከሚያበቃበት መጣ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሳቂታ ነው፣ እጁም አይሰስትም፤ ለእኛም በሶና ስኳር በጆንያ ጭኖልን ነበር።

እንግዲህ በእኛ ወግ አውሬውን መጀመሪያ ያደማው ሰው ግዳዩ የእሱ ነው። ሌላ ሰው ቢጨርሰውም የሚጠራው ያደማው ነው። ወጉ ግን እዚያ ላይ አያበቃም፤ ያደማው ሰው ቁስለኛውን ተከትሎ ራሱ ቀድሞ ይገባል። ከተማ የሚወራው የፊተኛው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጅረቱ ዳር፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ዱካ አገኘን። አያ ደርቤ ዱላውን ወደ መሬት ጠቆመና ወደ እኔ ዞረ። ክብ ነው፣ ጥፍር የለውም፣ ጠርዙ ገና አልፈረሰም። «ዛሬ ጧት ያለፈ ነው። ትልቅ ነው፣ ወንድ ሳይሆን አይቀርም» አልሁ። ራሱን ነቀነቀልኝ። ያቺን ራስ መነቅነቅ ለማግኘት ስንት ቀን ተርቤ ውያለሁ!

ዘውዱ «ምንድን ነው ያያችሁት? ለእኔም አሳዩኝ እንጂ!» አለ።

«ና፣ ተመልከት» አለው አያ ደርቤ።

«ኧረ እኔ ዱካ ልማር አልመጣሁም!» ብሎ ሳቀ።

ጥቂት እንደሄድን ዋንዛ ላይ ግማሽ ፍየል ተሰቅሎ አየን። ነብሩ ራሱ ከማዶ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ሩቅ ነው። አያ ደርቤ አመዱን እፍ አለና ዙሩ ብሎ በእጁ አሳየን፣ ንፋሱ ሽታችንን ሳይወስድበት እንድንቀርብ። ዘውዱ ግን አላስቻለውም። ክላሹን ዷ ዷ ዷ አደረገው። ነብሩ ተገለበጠ፣ ተነሣ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ ሸለቆው ውስጥ ካለው ሰንበሌጥ ገባ።

ዘውዱ ድንጋዩ ጋ ሮጦ ደረሰና መዝለል ጀመረ። «ደም! ደም አለ! ግዳዩ የኔ ነው! ዘራፍ!»

አያ ደርቤ ደሙን በጣቱ ነካ አድርጎ አየው። «አዎ፣ የአንተ ነው። እንግዲያው ቅደም» አለው።

ዘውዱ ወደ ሰንበሌጡ ዞረ። ሳቁ ጠፋ። ማንም አልቀለደበትም። የቆሰለ ነብር የገባበት ሰንበሌጥ ቀልድ አይደለም። «ቁስሉ እስኪቀዘቅዝ እንቀመጥ» ብሎ አያ ደርቤ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዘውዱ መቀመጥ አቃተው። ክላሹን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ተነሥቶ እስከ ሰንበሌጡ አፍ ሄደና ተመለሰ። ውኃ ጠጣ። እንደገና ሄደ፤ በዚህኛው ጊዜ ሣሩን በአፈሙዙ ገለጥ እስከማድረግ ደረሰ፣ ከዚያ ተመለሰ። አያ ደርቤ አላጣደፈውም። እኔን ዱካ ሲያስተምረኝ እንደሚጠብቀኝ አድርጎ ነው የጠበቀው።

ዘውዱ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። በዚያ ዓመት አንዱ በሬዬ ሞቶብኝ በአንድ በሬ ቀርቻለሁ። ይኸን ያውቃል። «መርሻ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «በሬ እገዛልሃለሁ። ሸጋ በሬ። አንተ ግባልኝ።»

«እሺ» አልሁት። ይኸን ለማለት ምራቄን እንኳ አልዋጥሁም።

ስነሣ አያ ደርቤ ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው? ተወው እንጂ፣ ሰውየው ገና ይነሣል።»

«ይመሽብናል፣ አያ» አልሁት። የሚመሽበት ነገር አልነበረም፣ ገና ረፋድ ነው።

ዘውዱንም እኔንም ተራ በተራ ተመለከተ። ገባው። ተነሥቶ ጋቢውን ግራ ክንዱ ላይ ጠቀለለና «ብቻህንማ አትገባም» አለኝ።

ሰንበሌጥ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምታጣው አቅጣጫውን ነው። ፊትህ ሣር፣ ኋላህ ሣር። ደሙ ጉልበት ከሚደርስበት ላይ ሣሩን ቀብቶ ጠቁሯል። አያ ደርቤ አመዱን እፍ አለ፤ ብናኙ ወደ ፊት ሄደ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ፊታችን ላይ ተበተነ። ንፋሱ እየዞረ ነበር። ጥቂት እንደተራመድን ደሙ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ የታጠፈ ሣር እንኳ የለም። ያኔ ገባኝ፣ ነብሩ በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ተመልሷል። ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላችን ቆቅ ብር ብላ ተነሣች።

ዞርሁ። ከዚህ እስከዚያ በር ቢሆን ነው። ጆሮውን ለጥፎ መጣ። የቤልጅግ ጠመንጃዬን ምላጭ ሳብሁ። ጠቅ! ከሸፈ። እኔን ነበር የፈለገው፣ አያ ደርቤ ግን በመሐላችን ገባ። ጋቢ የለበሰው ግራ ክንዱ ነው፤ ነብሩ የመጣው በቀኝ በኩል ነው። ምንሽሩን ጥሎ ባዶውን ቀኝ እጁን አፉ ውስጥ ሰጠው። አጥንቱ ሲደቅ ሰማሁት።

«አፈሙዙን አስጠጋ» አለኝ። አልጮኸም። እንዲሁ ሥራ እንደሚያዝዝ ሰው ነው ያለኝ። የከሸፈችውን ጥይት አውጥቼ ሌላ አጎረስሁ። አፈሙዙን ጎድኑ ላይ ደግፌ ሳብሁት። ነብሩ አያ ደርቤን እንዳቀፈው አብሮት ወደቀ።

አያ ደርቤን ተሸክሜ ስወጣ ዘውዱ እየሮጠ መጣ። እያለቀሰ ክንዱን በነጠላው ጠቀለለለት፣ ማኪናውን እንደ እብድ እየነዳ ጎንደር ሆስፒታል አደረሰን። ክፉ ሰው አይደለም አልኋችሁ። አያ ደርቤ ነፍሱ ተረፈች። ያቺ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ ምላጭም አልሳበች፣ እርፍም አልጨበጠች።

ጥር ላይ ሰርጉ ሆነ። ግዳይ ምስክር ይፈልጋል፣ ተነሥቶ «አይቻለሁ» የሚል። ዘውዱ ቆዳውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲፎክር፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ድንኳን ውስጥ ተነሣሁና «አይቻለሁ! ሰንበሌጥ ገብቶ ነው የገደለው!» አልሁ። እልልታው ቀለጠ። በሬውም መጣ። አያ ደርቤ ደጄ ላይ ቆሞ፣ የተሰበረች እጁን በጋቢው ሸፍኖ አየውና «ሸጋ ነው» አለኝ። ስለዚያ ቀን እስኪሞት ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። በዚያው በሬ የእሱንም ማሳ ዓመት ዓመት አረስሁለት። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ካቻምና ዘውዱ እዚህ ቤት መጣ። አርጅቷል፣ በዱላ ነው የሚሄድ። እናንተም ነበራችሁ፤ ሽማግሌው ሊጫወት ነው ወይ ብላችሁ ሳቃችሁ። ደጅ ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

«የልጅ ልጄ ቆዳውን ግድግዳ ላይ ያየውና፣ ‹አባባ፣ ሰንበሌጡ ውስጥ እንዴት ነበር?› ይለኛል» አለኝ። «ስፎክር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ለአንድ ሕፃን የምነግረው አጣሁ። እስቲ ንገረኝ፣ መርሻ።»

ነገርሁት። ስለ አመዱ፣ ስለ ቆቋ፣ ስለ ከሸፈችው ጥይት። አሁን እናንተ እንደምታዩኝ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ዱላውን ተደግፎ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ እኮ ልገባ ነበር» አለኝ። «ሁለት ጊዜ አፉ ድረስ ሄጄ አልነበር? በሦስተኛው እገባ ነበር። ትንሽ ብትጠብቀኝ ኖሮ እገባ ነበር።»

ውሸትህን ነው ልለው አሰብሁ፣ ግን አልቻልሁም። ምናልባት ይገባ ነበር። አያ ደርቤ ይገባል ብሎ ነበር ዝም ብሎ የጠበቀው፣ እሱ ደግሞ ሰው አይስትም። እኔ ግን ፈጠን ብዬ ገባሁለት። ለሰውየው ያደረግሁለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ወስጄበት ነው። አያ ደርቤ እጁን የከፈለበት ነገር ለዘውዱ እንኳ አልሆነውም።

ይቺትና፣ ያዛት ፉአድ። የከሸፈችው ጥይት ናት፤ ገልብጠህ ቂጧን እያት፣ የመርፌው ምልክት አለ። ጌም ቤት ከፍቼ ልጆች ሳንቲም ይዘው ሲመጡልኝ፣ ኪሴ ውስጥ እዳብሳታለሁ። ለማንም ራሱ ሊያደርገው የሚገባውን አድርጌለት እንዳልሸጥለት ነው።

ጠመንጃውን መልሰው አልልህም፣ የአክስትህ ገንዘብ ነው። ነገ ጧት ግን ና፣ አሮጌዋን ማሽን እከፍትልሃለሁ፣ ሒሳብ የለብህም። ድቧ ትገድልሃለች። ደግማ ደጋግማ ትገድልሃለች፣ እኔም ከኋላህ ቆሜ ንፋሱ በየት በኩል እንደሆነ አልነግርህም። ትረግመኛለህ፣ እርገመኝ።

ምን አልህ? ያኔ ሰውየውን ምነው ትንሽ አልጠበቅኸው ነው የምትለኝ?

በሬ ፈልጌ ነዋ፣ ልጄ።