ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚነካው ማስታወቂያ

የባንክ ሥራዬን ለቅቄ ሀና ማርያም አካባቢ የሶፋና የምንጣፍ እጥበት ስከፍት እናቴ አንድ ወር ሙሉ በቅጡ አላናገረችኝም። ከደቡብ መጥታ፣ ጉልት ተቀምጣ ያስተማረቻት ልጅ በገዛ ፈቃዷ የሰው ሶፋ ስትፈትግ ማየት አልዋጥልሽ አላት። አልፈርድባትም። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ በእልክ ማሽኑን ገዛሁ፣ ሁለት ሴቶች ቀጠርኩ፣ ኢንተርኔት ላይም ማስታወቂያ አወጣሁ።

ማስታወቂያው ሰው «ሶፋ እጥበት» ብሎ ሲፈልግ ከላይ የሚመጣው ዓይነት ነው። መታየቱ አያስከፍልም፤ ሰው በነካው ቁጥር ግን ከእኔ ይቆረጣል። ቪዲዮ እያየሁ ራሴ ነበር የማስተዳድረው። ይነካል፣ ይቆረጣል፣ የሚደውል ግን የለም። ረፋድ ላይ የቀኑ በጀት ያልቅና ማስታወቂያው እስከ ማግስቱ ይጠፋል። በአራተኛው ወር ለሁለቱ ሴቶች ነገሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቤቱን እንደምዘጋ ነገርኳቸው። አንዷ ባልዲዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የማስታወቂያ ባለሙያ ቅጠሪ ብላ የመከረችኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እኔ የጠበቅኩት በሽቶ የተነከረ አፈ ቅቤ ሰውዬ ነበር። የመጣችው ግን አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ከመካኒሳ አቦ በታክሲ ተጋፍታ የደረሰች ሴት ናት። ላፕቶፗን ሳትከፍት በፊት ሶፋ እንዴት እንደምታጥቡ አሳዩኝ አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ብሩሹን ራሷ ሞከረችው። ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ ጠየቀችን። ሁሉም «በስንት ሰዓት ይደርቃል?» ነው የሚሉት አልናት፤ ጻፈችው። እኔ አራት ወር ሙሉ ማስታወቂያው ላይ «ጥራት መለያችን ነው» እያልኩ ስቀልድ ነበር። በገዛ ሥራዬ መበለጤ አናደደኝ፤ እሷን ግን ወደድኳት።

ከዚያ የማስታወቂያውን ሪፖርት ስታገላብጥ ቆየችና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነፋስ ስልክ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ከዚያ አካባቢ ብዙ ስልኮች ማስታወቂያውን ይነኩታል፣ አንዱም አይደውልም። አንድ ሰው ደጋግሞ ቢነካው የማስታወቂያው ሲስተም ያውቅበታል፤ ሰውም ስልኩም ሲለያይ ግን ሁሉንም ደንበኛ አድርጎ ይቆጥራል። የምቀኛ ሥራ ነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ወዲያው ደግሞ መልሼ ተቀመጥኩ። ነፋስ ስልክ እናቴ የምትኖርበት ነው፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ እሷ ቤት የሚሰበሰበው የጸሎት ቡድን የሚበተንበት።

ስልኬን ያነሳሁት ልጮህባት ብዬ ነበር። ባለሙያዋ እጄን ያዘችኝ። «አትደውዪ። ሄደን እንያቸው» አለች።

እናቴ ምንም አልደበቀችም፤ እንዲያውም ኮራ ብላ አሳየችን። ጸሎቱ ሲያልቅ ሴቶቹ ሁሉ ስልካቸውን ያወጣሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዳሳዩአቸው የእኔን ማስታወቂያ ይፈልጋሉ፣ «በኢየሱስ ስም» እያሉ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ይነኩታል። ሰው የበዛበት ቤት ገበያ ይስባል ብላ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬን የናቀችው መስሎኝ ስከፋ ከርሜያለሁ።

ባለሙያዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። የምታለሳልሰው መስሎኝ ነበር፤ አላለሳለሰችውም። «እማማ፣ ይሄ በተነካ ቁጥር የምትከፍለው ልጅዎ ናት። ሥራው ሊዘጋ የደረሰው በዚህ ነው» አለቻት።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«የምረዳት ገንዘብ የለኝም። ያለኝ ይቺው ጣቴ ናት ብዬ ነው» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጸሎቱስ? እሱም ያስከፍላል?»

«እሱ አያስከፍልም እማማ። እሱን እንዳያቆሙ።»

ስንመለስ ለማንኛውም ማስታወቂያውን ሁለት ሰዓት ላይ እንድትዘጋው ባለሙያዋን ለመንኳት። እምቢ አለች፤ እናትሽ ከእንግዲህ አንነካውም ብለውኛል፣ ይበቃል አለች። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ማጥፊያውን ይጫን ነበር፤ እሷ የእናቴን ቃል አመነች። ማስታወቂያውን አዲስ አድርጋ ስትጽፈው የመጀመሪያው መስመር ሶፋው መቼ እንደሚደርቅ የሚናገር ሆነ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሪፖርቱን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ፤ ያ ሁሉ ሰው በየጠዋቱ እኔን ብሎ ነበር የሚነካው። ቀን ላይ ስልኩ መጮኽ ጀመረ፤ በሳምንቱ ሁለቱ ሴቶች ምሳ የሚበሉበት ጊዜ አጡ።

በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንደማልዘጋ ልነግራት እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ለጸሎት ወደተሰበሰቡት ሴቶች ዞራ «አይዘጋም!» ስትላቸው ሰማሁ። ቤቷ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ ሳላፍር አለቀስኩ።