ዶክተሩና ትኩሳታሟ መኪና

ሹፌሮች «ዶክተሩ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ከመንገዱ እኩል የሚያየው የሞተሩን የሙቀት መለኪያ ነው፤ ዓይኑ በየደቂቃው ጠቋሚዋ ላይ አርፎ ይመለሳል። «ልጃችን ሲያተኩሰው እንኳ እንዲህ አላየኸውም» ትለዋለች ሚስቱ። ይስቃል እንጂ አይከራከርም። ስለ ሞተር ያወቀውን ሁሉ ያወቀው መካኒኮች አጠገብ ተቀምጦ እየጠየቀ፣ ቤት ሲገባም አሮጌ መጽሐፍ እያገላበጠ ነው።

በዶክተርነቱ ከማንም አብልጦ የሚቀልድበት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ሹፌር ነው፤ ጥድፊያ ይወዳል። በዚያ ሐሩር ሳምንት ታዲያ በጥድፊያው ሞተሩን አፍልቶ ቆላው መሃል ቀጥ አለ። ማን ይጎትተው? ዶክተሩ ሚስቱን አሳፍሮ ደረሰለት።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። የዶክተሩም መኪና ዕድሜዋ ገፍቷል። መካኒኩ ባለፈው ወር «ከእንግዲህ አንዴ ከፈላች የሞተሩ ራስ ይሰነጠቃል። ያኔ እኔ ጋ አታምጣት፤ ቅበራት» ብሎታል። ቤተሰቡ እንጀራ የሚበላው በእሷ ነው። ከፊቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ከኋላው በብረት የታሰረ ሌላ መኪና አለ።

ዳገቱ ስር ቆሙ። ዶክተሩ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ራዲያተሩን ውሃ ሞላና ራቅ ካለ ዛፍ ጥላ ስር ሄዶ እንደ ልማዱ ጸለየ። ሲመለስ ከኋላ በኩል መጥቶ ጋቢና ገባ። አማቹ የሚጎተተውን መኪና መሪ ይዞ ተቀምጧል።

በሁለተኛ ማርሽ ጉዞ ጀመሩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጠቋሚዋ ከመሃል አለፈች። ዶክተሩ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«ምን ነካህ? ፀሐይዋ አልበቃ አለችህ?» አለች ሚስቱ በመሐረቧ እያራገበች።

«የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ እየሳብኩ ነው። ትንሽ ተካፈይው።»

«እኔ ያገባሁት አንተን ነው፤ ሞተሩን አላገባሁም!»

«ጠቋሚዋ የት ደረሰች?» አለ ዶክተሩ ዓይኑን ከጠመዝማዛው መንገድ ሳያነሳ።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየች። ሳቋ ጠፋ። «ቀዩ ጋ ለመድረስ የጣት ስፋት ቀራት።»

ውሃው ሙሉ ሆኖ፣ በዚህ ዝግታ፣ እንዲህ ግላ አታውቅም። «አምላኬ፣ አደራህን» አለና ዳር አስይዞ አቆማት። ሞተሩን ግን አላጠፋም፤ ውሃው እየዞረ እንዲያበርደው ትቶት ወደ ፊት ሄደ።

ከረጅሙ ኮፈን ፊት ለፊት፣ ራዲያተሩ ላይ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በአራቱም ማዕዘን ታስሮ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

«ማነው ይህን ያለበሳት?»

አማቹ እየሮጠ መጣ። «እኔ ነኛ! አንተ ስትጸልይ ነክሬ አሰርኩላት። ላተኮሰው ሰው እርጥብ ጨርቅ አይደረግለትም እንዴ፣ ዶክተር?»

«እሱማ ግንባሩ ላይ ነው! አንተ አፍንጫዋን ነው ያፈንከው። በምን ትተንፍስ?»

ሚስቱ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «አንተ ልጅ፣ የራስህን መግደልህ አንሶ የእኛንም ልትደግም?»

«ኧረ እታለም፣ ለደግ ብዬ ነው!»

ዶክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አማቹ በእንፋሎቱ እጁን እየተለበለበ፣ እፍ እፍ እያለ ገመዱን ሲፈታ ሲያይ ግን ሳቁ ቀደመው። ነፋሱ ራዲያተሩ ውስጥ ገባ። ሦስቱም ጋቢናው በር ላይ ተደርድረው እስትንፋሳቸውን ዋጡ። ጠቋሚዋ ቆመች፤ አሰበች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች።

«ተመስገን» አለ ዶክተሩ፤ መወጣጫው ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ።

የቀረውን ዳገት አራት ጊዜ እያረፉ ወጡት። አናቱ ላይ ሲደርሱ አማቹ ወርዶ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ መስኮት መጣ።

«የት ላይ ናት?»

«መሃል።»

«እንግዲያ አጥፋትና እንሂድ ምሳ እንብላ።»

«አይሆንም። አምስት ደቂቃ እንደበራች ትረጋጋ።»

አንድ ደቂቃ መቆም የማይወደው ሰው ጎማው አጠገብ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ሰዓቱን እንኳ አላየም።